ስለ ወጣት ሯጮቻችን፤ ዕድሜና ትዕግሥት



ከእናንተ መካከል በማለዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ በአዲስ ከተማ በኩል የሚያልፍ ሰው፥ መርካቶ ገና ሳይነቃ ያለውን መልክ ያውቀዋል። የሱቁ መዝጊያ አልተከፈተም፤ ጋሪውና የጭነት መኪናው መንገዱን አልያዙትም፤ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው፥ ከአንዋር መስጊድም የአዛኑ ድምፅ ገና ከጆሮ አልጠፋም። በዚያች አጭር ሰዓት አስፋልቱ ባዶ ስለ ሆነ፥ አንዳንድ ወጣት ብቻውን ሲሮጥ ይታያል። ፀሐይ ወጥታ ሰው ሲበዛ ግን እንኳንስ ለመሮጥ ለመራመድም ቦታ አይገኝም፤ ሯጩም ወደ ዕለት ሥራው ይገባል። አንዱ ሊስትሮ ነው፤ አንዱ በእህል በረንዳ ጆንያ ይሸከማል፤ አንዱ የዘመዱን ሱቅ ይጠብቃል።

ይኸንን ወጣት ሲያልፍ ያየ ሰው፥ እርምጃው ቀላልና ፈጣን መሆኑን ተመልክቶ፥ «ይህ ልጅስ ተስፋ አለው» ይላል። ዛሬ ልንነጋገር ያሰብነው ስለዚህ «ተስፋ አለው» ስለሚባለው ቃል ነው። ከተስፋው እስከ ፍሬው ድረስ ስንት ዓመት ይወስዳል? በመካከሉስ የሚያሰናክለው ምንድን ነው? ደግሞም በዕድሜው ሙሉ ሮጦ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ ጉዳይ ያለው ድርሻ ምንድን ነው? በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ለማስረዳት ከዚያው ከገበያው ምሳሌ እንውሰድ። በእህል በረንዳ የሚውል ነጋዴ እሸትን ከዘር ለይቶ ያውቃል። እሸት ወዲያው ተጠብሶ ይበላል፤ ደስም ያሰኛል፤ ነገር ግን ለነገ አይተርፍም። ለዘር የሚቀመጠው እህል ግን በማሳው ላይ ቆይቶ፥ ደርቆና ጠንክሮ፥ ከነቀዝም ተጠብቆ ይኖራል፤ ለከርሞውም ብዙ እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ገበሬ በችግር ጊዜ እንኳ የዘሩን እህል ወደ ገበያ ማውጣት እንደ ሞት እንደሚከብደው የታወቀ ነው። ወጣት ሯጭም የዘር እህል ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ እንደ እሸት እንበላዋለን።

ብዙ ሰው የሯጮቻችን ድል በልጅነት የሚገኝ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ባሸነፈ ጊዜ ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ፥ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ተቆጣጣሪነት በሥርዓት ተዘጋጅቶ ነበር እንጂ፥ ድንገት ከመንገድ ተነሥቶ የሮጠ ሰው አልነበረም።

ከእርሱ ይልቅ የሚያስደንቀው የማሞ ወልዴ ታሪክ ነው። ማሞ በ1949 ዓ.ም. አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርኑ ኦሊምፒክ በ800ና በ1,500 ሜትር ተሰልፎ ሜዳልያ ሳያገኝ ተመለሰ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ሆነ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ከወጣ በኋላ፥ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ አገኘ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 36 ዓመት ነበር። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በሙኒክ፥ ዕድሜው 40 ሆኖ ሳለ፥ በማራቶን ሦስተኛ ወጣ። እንግዲህ ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት ይሆናል። በሜልቦርን የተሸነፈውን ማሞ «ይኸ አይረባም» ብለን ጥለነው ቢሆን ኖሮ፥ የሜክሲኮውን ወርቅ ባላየነው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለወጣቶች ብቻ የተለየ የዓለም ሻምፒዮና ስለ ተቋቋመ፥ ተስፋ ያላቸው ልጆች ቀደም ብለው ለመታየት በቅተዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1985 ዓ.ም. በሴኡል ከተማ በተደረገው የወጣቶች ሻምፒዮና፥ በ19 ዓመት ዕድሜው የ5,000ና የ10,000 ሜትር አሸናፊ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሽቱትጋርት በአዋቂዎቹ የ10,000 ሜትር ውድድር አንደኛ ወጣ፤ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታና በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ የኦሊምፒክን ወርቅ አገኘ። ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ በበርሊን የዓለምን ክብረ ወሰን ያሻሻለው ግን በመስከረም 2001 ዓ.ም. ነው። ከሴኡል እስከዚያ ድረስ 16 ዓመት ተቈጥሯል። በሴኡል የታየው ተስፋ ፍሬው የተሰበሰበው በአንድ ዓመት ሳይሆን በአሥራ ስድስት ዓመት ነው።

ጥሩነሽ ዲባባም በነሐሴ 1995 ዓ.ም. በፓሪስ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። በልጅነት ያሸነፈ ሁሉ ቶሎ ይጠፋል የሚባል ሕግ እንደ ሌለ ይህ ያስረዳል። እርሷ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ሁለት ወርቅ፥ በ2004 ዓ.ም. በለንደን ደግሞ ሌላ ወርቅ ጨምራለች። በቅርቡም በጉራጌ ምድር የተወለደው ሰሎሞን ባረጋ፥ በ2008 ዓ.ም. በፖላንድ አገር በቢድጎሽች የወጣቶች የ5,000 ሜትር አሸናፊ ከሆነ በኋላ፥ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ የ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ አሸናፊ ሆነ። ያን ዕለት ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። ከጉራጌ ምድር ለመጡት ብዙዎቹ የመርካቶ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ይህ ልዩ ደስታ መሆኑን መገመት አያስቸግርም።

ይሁን እንጂ እነዚህን ስሞች የምናውቃቸው ስለ ደረሱ ነው። ከእነርሱ ጋር በአንድ መሥመር ላይ ቆመው የሮጡ፥ እንደ እነርሱም «ተስፋ አላቸው» የተባሉ፥ ዛሬ ግን ስማቸው የማይነሣ ብዙዎች ናቸው። ለምን እንደ ቀሩ ለማወቅ በመጀመሪያ የሰውን አካል፥ ቀጥሎም የሰውን መዝገብ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለ አካሉ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ሩጫ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ልቡና ሳንባው ይበረታሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ አየሩም ስስ ስለ ሆነ፥ በዚህ ያደገ ሰው አካል ቀዩን የደም ሕዋስ አብዝቶ መሥራትን ይለምዳል። ስለዚህ ወጣቱ ቶሎ ይፈጥናል፤ ትንፋሹም አያጥረውም። አጥንትና ጅማት ግን እንደ ሳንባ አይቸኩሉም። በረጃጅሞቹ አጥንቶች ጫፍ ላይ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ ይኸውም በሴቶች ልጆች ቀደም ብሎ፥ በወንዶች ዘግይቶ፥ ወደ ሃያ ዓመት ሲጠጋ ይደነድናል። ከዚያም በኋላ አጥንቱ ለብዙ ዓመታት መጠንከሩን ይቀጥላል። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሳንባው «ሩጥ» ሲለው አጥንቱ «ገና ነኝ» ይለዋል። ወጣቱም አሠልጣኙም የሚሰሙት የሳንባውን ድምፅ ብቻ ነው።

አጥንት ያለ ዕረፍት በየቀኑ ሲመታ በላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይወጣበታል። በመጀመሪያ ከሩጫ በኋላ ብቻ ያማል፤ ቀጥሎ በሩጫው መካከል፥ በመጨረሻም ተቀምጠውም ተኝተውም ያማል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ያረፈ ልጅ ይድናል፤ «ወንድ ልጅ ሕመም አያወራም» ብሎ የሮጠው ግን አጥንቱ ተሰብሮ ዓመቱን ያጣል። በሴቶች ልጆች በኩል ደግሞ ሩጫው በዝቶ ምግቡ ሲያንስ የወር አበባ ሊቋረጥ ይችላል። ይህ የብርታት ምልክት ሳይሆን፥ አጥንቷ እየሳሳ መሄዱን የሚያስጠነቅቅ ደወል ነው።

ሌላው ሰዎች የሚዘነጉት ነገር ይኸ ነው፤ ልምምድ ሰውነትን የሚያበረታው በሩጫው ሰዓት አይደለም። በሩጫው ሰዓት ሰውነት ይደክማል፤ ይጎዳልም። የሚጠገነውና የሚበረታው ከሩጫው በኋላ በምግብና በእንቅልፍ ነው። በማለዳ ቁርስ ሳይቀምስ የሮጠ፥ ከዚያም እስከ ማታ ጆንያ ሲሸከም የዋለ ልጅ፥ መፍረሱን እንጂ መጠገኑን አያገኘውም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ከሩጫ በጣም የራቀ ከሚመስል ከፓኪስታን አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በዚያ አገር ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው ጨዋታ ክሪኬት ነው። በዚህ ጨዋታ ፈጣን ወርዋሪ የሚባለው ተጫዋች ከሩቅ ተንደርድሮ መጥቶ፥ ጠንካራ ኳስ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት፥ 20 ሜትር ያህል ርቆ በትር ይዞ ወደ ቆመው ሰው ይወረውራል። የእኛ ልጆች በየሰፈሩ የጨርቅ ኳስ እየሰፉ እንደሚጫወቱ፥ የካራቺና የላሆር ልጆችም የቴኒስ ኳስ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፕላስተር ጠቅልለው በየመንገዱ ይወረውራሉ። ከዚያ መንገድ ላይ ብዙ ተስፋ ያላቸው ወጣቶች ይነሣሉ።

ከነዚህ ወጣት ወርዋሪዎች አንዱ ነሲም ሻህ በኅዳር 2012 ዓ.ም. በ16 ዓመቱ ለአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት በሦስት ተከታታይ ኳሶች ሦስት ተጋጣሚዎች አስወጥቶ፥ በአገሮች መካከል በሚደረገው ረጅሙ የክሪኬት ግጥሚያ ይኸንን ካደረጉት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ሆነ። ነገር ግን በልጅነቱ የጀርባ ሕመም አግኝቶት ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ማለቂያም ትከሻው ተጎድቶ ከዓለም ዋንጫ ቀረ። ስለ ዕድሜውም በጋዜጦች ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እንግዲህ በፓኪስታን ወርዋሪውን፥ በኢትዮጵያ ሯጩን የሚገጥሙት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው «አካሉ ደርሷልን?» ሁለተኛውም «ዕድሜው በእውነት ስንት ነው?» የሚሉት ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ መሠረት ለወጣቶች ሻምፒዮና የሚሰለፈው፥ ውድድሩ በሚደረግበት በፈረንጆች ዓመት የመጨረሻ ቀን 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ ማራቶንም ከ20 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይሰለፍም። ደንቡ የተሠራው ልጁን ለመከልከል ሳይሆን ለመጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ደንቡ የሚሠራው በወረቀት ላይ የተጻፈው ዕድሜ እውነት ሲሆን ብቻ ነው። በእግር ኳስ በኩል ይህ ችግር ስለ በዛ፥ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር በ2002 ዓ.ም. በናይጄሪያ ለተደረገው ከ17 ዓመት በታች ዋንጫ የተጫዋቾቹን የእጅ አንጓ አጥንት በመሣሪያ ማስመርመር ጀመረ። ወረቀቱ ቢዋሽ አጥንቱ እንዲመሰክር ማለት ነው።

በእኛ አገር ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ባገኘ ጊዜ፥ የዓለም ጋዜጠኞች ዕድሜውን ለማወቅ ብዙ ደክመው መልስ አላገኙም። ምሩፅ የተወዳደረው ከአዋቂዎች ጋር ስለ ሆነ፥ እንቆቅልሹ ማንንም አልጎዳም፤ ለወሬ ማጣፈጫ ሆኖ ቀረ። በወጣቶች ውድድር ግን ዕድሜ የጨዋታ ነገር አይደለም። የፍትሕ ነገር ነው።

እንዴት እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ እናስብ። የ23 ዓመት ሰው 18 ነኝ ብሎ ለወጣቶች ምርጫ ተሰለፈ እንበል። አጥንቱ ጠንክሯል፤ ጉልበቱም ሞልቷል፤ ስለዚህ ያሸንፋል። በዚህ ውሸት የተጎዳው ማን ነው? አንዳንድ ሰው «ፈረንጅን ብናታልል ምን አለበት?» ይላል። ነገር ግን ከፈረንጁ አስቀድሞ የተታለለው፥ በምርጫው ቀን በእውነተኛ 17 ዓመቱ አራተኛ ወጥቶ ወደ ቤቱ የተመለሰው የራሳችን ልጅ ነው። እርሱ ምናልባት ከአምስት ዓመት በኋላ ከሁሉ የሚበልጥ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን «አልቻልኩም» ብሎ ጫማውን ይሸጣል። ውሸታሙም ቢሆን አይጠቀምም። አሠልጣኙ ገና ያድጋል ብሎ ይጠብቀዋል፤ እርሱ ግን ማደጉን ጨርሷል። ከአዋቂዎች ጋር በተሰለፈ ጊዜ ሲቀር፥ ሰው ሁሉ «ተስፋ ነበረው፤ ምን ነካው?» ይላል። የነካው ነገር የለም፤ ተስፋው መጀመሪያውኑ የተሰረቀ ነበር። እንግዲህ በአንዲት አኃዝ ሁለት ልጆች ይጠፋሉ።

ይህች አኃዝ የምትጻፈው ደግሞ፥ ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ታወጀ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ የተወለደና በጊዜው የተመዘገበ ሕፃን፥ አድጎ ሯጭ ቢሆን ዕድሜው አያከራክርም። ዛሬ የሚሮጡት ወጣቶች ግን የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። ብዙዎቹ በገጠር ስለ ተወለዱ የልደት ቀናቸው የሚታወቀው በእናታቸው ትዝታ ነው፤ «ዝናቡ የቀረ ዓመት»፥ «ታላቅ ወንድሙ በተማሪ ቤት የገባ ጊዜ» እየተባለ ይቈጠራል።

ያን በማለዳ በመርካቶ ሲሮጥ ያያችሁትን ወጣት እንደ ገና እናስበው። አንድ ቀን መታወቂያ ለማውጣት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይመጣል። «ጋሼ፥ አሠልጣኜ አሥራ ሰባት በል ብሎኛል» ይላል፤ ወይም ይህን ሳይናገር በልቡ ይዞ፥ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ «አሥራ ሰባት» ይላል። ጸሐፊው ቸኩሏል፤ በውጭ ብዙ ሰው ተሰልፏል፤ ልጁም ያሳዝናል። «አንድ ቍጥር ምን ትጎዳለች? ልጁ ይጠቀምባት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በዚያች ደቂቃ ያደረገው ደግነት አይደለም። ከዚህኛው ልጅ ዕድሜ፥ ከሌላው ልጅ ደግሞ ተራ መቀማት ነው። በመርካቶ ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ እንዴት እንደሚናቅ እናውቃለን፤ መዝገብም የመንግሥት ሚዛን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ትልቅ ገንዘብና ትልቅ ሥልጣን የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፥ በመዝገብ ላይ የተቀመጠ ሰው እውነተኛውን ዕድሜ ይጻፍ፤ ወላጅ የሆነም የልጁን ልደት በጊዜው ያስመዝግብ። ማስረጃ ለሌለው ወጣት የትምህርት ቤቱን መዝገብ፥ የክትባት ካርዱን፥ የክርስትናውን ወይም የቤተ ዘመዱን ምስክርነት አመሳክሮ መጻፍ ይቻላል። ይህ ጥቂት ድካም ነው፤ ግን የአንድ ሰው ዕድል ነው።

ሁለተኛው፥ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የሚሮጥ ልጅ ቢኖር፥ ሲያሸንፍ ብቻ ሳይሆን ሲያርፍም አመስግኑት። በየሳምንቱ መወዳደር የለበትም። እግሩን ያመመው ልጅ ደፍሮ «አመመኝ» የሚልበት ቤት ይኑረው። ትምህርቱንም አይተው፤ ምክንያቱም የተማረ ሯጭ እግሩ ቢከዳው እጁ ይሠራል፤ የሚፈርመውንም ውል አንብቦ ይፈርማል። ከተቻለም ቁርስ ይብላ። የሁሉ መጀመሪያ ይኸ ነው።

ሦስተኛው፥ ልጆች የሚሮጡበትን ቦታ አናጥፋ። በየሰፈሩ የቀረችውን አንዲት ሜዳ ለሌላ ጉዳይ ለመስጠት ወረቀት ሲቀርብላችሁ፥ ከመፈረማችሁ በፊት በዚያ ሜዳ ላይ ማን እንደሚውል ጠይቁ። በመርካቶ ያለ ልጅ የሚሮጥበት ሰዓት ከንጋት እስከ ሱቅ መክፈቻ ያለው ብቻ መሆኑን ከላይ ተመልክተናል።

አንዳንድ አንባቢ «አንድ ተራ የመንግሥት ሠራተኛ እንዴት ጀግና ያፈራል?» ይል ይሆናል። ለእርሱ የምንሰጠው መልስ የበቆጂው መምህር የስንታየሁ እሸቱ ነገር ነው። ስንታየሁ በአርሲ በምትገኘው በዚያች ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ደራርቱ ቱሉ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእርሱ እጅ አልፈዋል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ እንደ ገና አሸነፈች፤ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን አንደኛ ሆና ፈጸመች። ይህ ሁሉ የተጀመረው ደመወዙን ከመንግሥት በሚቀበል አንድ መምህር ፊት፥ በአንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። መምህሩ ልጆቹን አሳልፎ የሰጠው ለሚቀጥለው አሠልጣኝ እንጂ ለገበያ አልነበረም።

እንግዲህ ነገ በማለዳ በአዲስ ከተማ በኩል ስታልፉ ያን ልጅ ብታዩት፥ «ተስፋ አለው» ማለቱ መልካም ነው። ግን በዚያ ብቻ አታብቁ። ተስፋው እንዲደርስ የሚያስፈልገው ጭብጨባ ሳይሆን ዓመታት ነው። እነዚያንም ዓመታት እግዚአብሔር ሰጥቶታል፤ ከእኛ የሚጠበቀው ሳይጨመርባቸው፥ ሳይቀነስላቸውም፥ እንዳሉ አድርገን መጻፍና መጠበቅ ነው።

ለዛሬ በዚህ ይበቃናል። ደኅና ሰንብቱ።